የሸጋ መሪ ለሰለሰ፦ የጀልባ ጥገና ማስታወሻ ከሐይቅ

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሸጋ አዋረደችኝ። ከደሴ የመጡ ስድስት እንግዶች ጭኜ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ወደ ዳር እየተመለስኩ ነበር። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። ዝም። ጨመርኩ። አሁንም ዝም። ከዚያ ድንገት ትዝ እንዳላት ሁሉ ታጠፈችና አፍንጫዋን ደንገሉ ውስጥ ሰካችው። ማንም አልተጎዳም። አንዲት እናት ግን ልጃቸውን እቅፍ አድርገው «ሹፌሩ አዲስ ነው እንዴ?» አሉ። በዚህ ውኃ ላይ ስነዳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ለማያውቃት፣ ሸጋ አምስት ሜትር ተኩል የምትሆን የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። ከኋላዋ ባለ 60 የፈረስ ጉልበት ያማሃ ተንጠልጥሏል። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ነው የምንሠራው። የከተማዋም ስም ሐይቅ፣ የውኃውም ስም ሐይቅ። «ሐይቅ ሄጄ ሐይቁን ሳላየው መጣሁ» ብሎ የሚቀልድ እዚህ አይጠፋም። ቅዳሜና እሁድ ሰው እናዝናናለን፣ የእስጢፋኖስን ገዳም ከውኃው ላይ እናሳያለን፣ ሙሽራ ሲመጣም ፎቶ እናስነሳለን።

እንግዶቹን ሸኝቼ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቆጠርኩት። ደኅና ስትሆን አምስት ዙር ነው። ዛሬ ሰባት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሲዞርም እንደ ስፖንጅ ነው፤ ትገፋዋለህ፣ መልሶ ይገፋሃል።

አሁን ኑዛዜ። ይሄ ነገር ዛሬ አልመጣም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሦስት ጊዜ ዘይት ጨምሬላታለሁ። በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አደርግና «በቃ ዳነች» ብዬ ክዳኑን እዘጋለሁ። ሁለት ወር ትሠራለች፣ ደግሞ ትለሰልሳለች። የመሪ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠልም። ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው፤ ዘይት በወጣበት ደግሞ አየር ይተካል። እኔ ሦስት ጊዜ ስጨምር አንድ ቀን እንኳ «የት ሄደ?» አላልኩም።

ጥቅምት 7

ማታ ጋራዥ ላለው ወዳጄ ደውዬ ነበር። «የፖምፑ ቺንጋ ላልቶ ይሆናል፣ አጥብቀው» አለኝ። በሳቅ ሞትኩ። እሱ የመኪና ሰው ነው፤ መኪና ላይ ፖምፑን ሞተሩ ያዞረዋል። የሸጋ መሪ ቺንጋ የሚባል ነገር የለውም። ፖምፑን የሚያዞረው የእኔው ክንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሪው ጀርባ አንዲት ፖምፕ ተቀምጣለች። መሪው ሲዞር በሆዷ ያሉት ትንንሽ ፒስተኖች ዘይቱን በአንዱ ቱቦ ወደ ኋላ ይገፉታል። ኋላ፣ ሞተሩ ፊት ለፊት፣ ሲሊንደር ተጋድሟል። ዘይቱ አንዱን ጎን ሲሞላው ሲሊንደሩ ይሄዳል፣ ሞተሩንም ይዞት ይዞራል። በሌላው ጎን የነበረው ዘይት በሁለተኛው ቱቦ ወደ ፖምፗ ይመለሳል። ብዙ ሰው በሲሊንደሩ መሐል የሚያልፈው ዘንግ የሚሄድ ይመስለዋል። እኛ ጋ ዘንጉ ሁለቱም ጫፉ ታስሮ ቆሟል፤ ሲሊንደሩ ነው ላዩ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተተው።

ፖምፗ ውስጥ ወደ ኋላ የማይመልሱ ቫልቮችም አሉ። መሪውን ለቀህ ሻይ ብትጠጣ እንኳ ሞተሩ ባለበት የሚቆየው በእነሱ ነው። (እየነዳህ ሻይ አትጠጣ።) ዘይት ብትጫነው አይጨመቅም። አየር ግን እሺ ብሎ ይጨመቃል። ውስጡ አየር ካለ መጀመሪያ የምታዞረው አየሩን ለመጭመቅ ነው፣ ሞተሩ የሚሰማህ ከዚያ በኋላ ነው። ትላንት ደንገሉ ውስጥ የከተተኝ ይኸው መዘግየት ነው።

ዛሬ ምንም ሳልፈታ ሦስት ነገር ፈተሽኩ።

አንደኛ፣ መሪውን ሳልነካ ሞተሩን በሁለት እጄ ግራና ቀኝ ገፋሁት። አራት ጣት ያህል ሄደና መልሶ ተስፈነጠረ። መሪው ግን ንቅንቅ አላለም። አየር ነው። ቫልቮቹ ቢሆኑ ሞተሩን ስገፋው መሪው አብሮ ይዞር ነበር።

ሁለተኛ፣ መሪውን ጥግ አድርሼ ጫን አልኩት። አየሩን ጨርሶ ቀጥ አለ። ሞተሩ ጥግ ቆሞ መሪው ግን ቀስ እያለ መዞሩን ቢቀጥል ኖሮ ዘይቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ወይ ፖምፗ ውስጥ እየሾለከ ነው እል ነበር። እፎይ አልኩ፤ ያ ሲሆን ወጪው ከባድ ነው።

ሦስተኛ፣ ሲሊንደሩንና ሞተሩን የሚያያይዘውን ቡሎን ነቀነቅኩት። ደኅና ነው። ዳዶዋ ውስጧ ናይለን ያለባት፣ ራሷን የምትቆልፍ ዓይነት ናት። አንዴ ከተፈታች አዲስ መግዛት ነው፣ አሮጌዋን መልሶ ማሰር የለም። እሷ ወልቃ ብትወድቅ በጥሩ ዘይት የተሞላ መሪ ይዘህ ወደ ድንጋዩ ትሄዳለህ።

ከዚያ ሁሉንም መገጣጠሚያ በጨርቅ ወልውዬ አደረቅኩት። ከመሪው ሥር፣ ከአራቱ የቱቦ ጫፎች ሥር፣ ከሲሊንደሩ ግራና ቀኝ ሥር ነጭ ሶፍት አነጠፍኩ። መሪውን ሃያ ጊዜ ያህል ጥግ ለጥግ አዙሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጥቅምት 8

ስድስቱ ሶፍት ነጭ። ከሲሊንደሩ ቀኝ ጎን ሥር ያለው ግን መሐሉ ላይ የአሥር ሳንቲም ስፋት ያለው ቀይ ክብ አለበት። ሌባው ተያዘ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ወደ እኔ ይዞራል። የዚህ ሐይቅ ውኃ ጨዋማ አይደለም ግን አልካላይን ነው። ጠብታው ብረት ላይ ሲደርቅ የሻይ ማፍያ ውስጥ የምናየውን ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ዘንጉ ላይ ይህ ቅርፊት እየተጋገረ አስቸገረኝና አምና አንድ ቀን ተቀምጬ በቢላ ፋቅኩት። አንጸባረቀ። ደስ አለኝ። ዛሬ በኮምጣጤ ጨርቅ ሳጸዳው፣ በቀኝ በኩል ርዝመቱ የክብሪት እንጨት የሚያህል ጭረት አየሁ። ጥፍሬን ሳስኬደው ቅር፣ ቅር ይላል። ሲሊንደሩ በሄደ ቁጥር ያቺ ጭረት የኦይል ሲሉን (ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ) ከንፈር ስትልጠው ኖራለች።

የእህቴ ልጅ ቴክኒክና ሙያ ነው የሚማረው፤ ሰሞኑን ያግዘኛል። ጭረቱን አየና «ጋሼ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለ። ሥራህን ሥራ አልኩት።

ጥቅምት 9

ዘይት ፍለጋ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሦስት መለዋወጫ ቤት ገባሁ።

አንደኛው የፍሬን ዘይት አወጣልኝ። «ሃይድሮሊክ አይደል? ያው ነው» አለ። ያው አይደለም። የፍሬን ዘይት ግላይኮል ነው። የሸጋ ሲሎች የሚሠሩበትን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ያበላሸዋል። የማዕድን ዘይት ደግሞ ፍሬን ውስጥ ብትጨምር በተራው የፍሬኑን ጎማ ያሳብጣል። ሁለቱ አይዋደዱም።

ሁለተኛው የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሰጠኝ። «አየህ፣ ቀይ ነው፣ ያንተም ቀይ ነው።» እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። የእኔ ዘይት 5606 የሚል ቁጥር ያለበት ቀጭን የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ መጀመሪያ የተለመደው በአውሮፕላን ነው። እውነት ነው፣ እሱም ቀይ ነው። ቀለሙ ግን የተጨመረበት ማቅለሚያ ነው፣ ስለ ውፍረቱ የሚነግርህ ነገር የለም። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ይላል። ጠዋት በብርድ መሪው ይከብዳል። ውኃ መሐል ዘይት ቢያልቅብህ ወደ ዳር ለመድረስ ትጨምረዋለህ፣ ስትደርስ ግን ሁሉንም ማጠብ አለብህ።

ሦስተኛው «የለኝም» አለ። ከሦስቱ የወደድኩት እሱን ነው።

አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ደወልኩ። ሁለት ሊትር ዘይትና የሲሊንደሩን የሲል ስብስብ በአውቶብስ ይልክልኛል። የሲሊንደሩ ቁጥር ጎኑ ላይ ባለው ተለጣፊ ላይ ነበር፤ ግማሹ ተልጧል፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። ወገኖቼ፣ ተለጣፊው ሳይላጥ ቁጥሩን ጻፉት።

ጥቅምት 15

ዕቃው አልመጣም። ቅዳሜው አለፈ። ሦስት ቡድን መልሻለሁ።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። የሲሊንደሩ ጫፍ መዝጊያ ስድስት ጎን የለውም፤ ፊቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ነው ያለው። የሚፈታው ሁለት ጥርስ ባለው ቁልፍ ብቻ ነው። በፒንሳ ወይ በመዶሻና በካቻቢቴ የሚሞክሩ አሉ። ቢላው አስተምሮኛል፣ አልሞከርኩም።

ሲሊንደሩን ከነዘንጉ ፈትቼ ደሴ ወጣሁ። ብርዱ! ጦሳ ደመና ተከናንቧል። ፒያሳ አካባቢ አንድ ቶርኖ ቤት አለ፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ዘንጉን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፣ በጥፍራቸው ዳበሱት።

«ይቺን ማን ፋቃት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«በምን?»

«በቢላ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ቡና የምትቀዳው ልጅም አየችኝ። «አብሽር» አሉ በመጨረሻ፣ «የባሰም አይቻለሁ።»

ቁልፉን በሃያ ደቂቃ ሠሩት። ጠፍጣፋ ብረት፣ ሁለት ቀዳዳ፣ ሁለት አጭር የብረት ዘንግ፣ ብየዳ። ሞርሳው ላይ አስረን መዝጊያውን ስንሞክረው ዞር አለና ተፈታ።

ጭረቱን ግን ራሳቸው ናቸው የያዙት። ዘንጉን ቶርኖው ላይ አሰሩ፣ ቀስ ብሎ እንዲዞር አደረጉ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በዘይት ነክረው ዙሪያውን አሻሹት። መጀመሪያ 1000፣ ቀጥሎ 2000። «በቁመቱ ካሸኸው ለዘይቱ መንገድ ትቀድለታለህ» አሉኝ፣ «በዙሪያው ከሆነ ከንፈሩ ይከለክለዋል።» በየመሐሉ ያቆሙና በጥፍራቸው ይለኩታል። ጥፍር መያዙን ሲያቆም እሳቸውም አቆሙ። ጭረቱ እንደ ጥላ አሁንም ይታያል፣ ግን አይዳሰስም። ጠለቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ዘንጉ ይጣል ነበር።

ሒሳብ ስጠይቃቸው የቁልፉን ብቻ ተቀበሉ። ለሌላው «ዓሣ አምጣልኝ» አሉ። ቆሮሶ ይወዳሉ።

ጥቅምት 19

ዕቃው ገባ። ሲል እንቀይራለን።

ፊት ለፊቴ ነጭ አንሶላ አነጠፍኩ፣ እጃችንን በሳሙና ታጠብን። ልጁ «ቀዶ ጥገና ነው እንዴ?» አለ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ እዚያ ውስጥ ከገባች ቢላዬን ትተካለች፣ አልኩት።

አሮጌውን ሲል አውጥተን ብርሃን ላይ አየነው። ከንፈሩ አንድ ቦታ ላይ ጥርስ እንደነከሰው ተጎምዷል። አዲሱን ስናስገባ ግን የዘንጉ ጫፍ ስለታም ነው፣ ሲሉን ይቆርጠዋል። ከፌስታል ትንሽ ቁራጭ ቀድጄ ጫፉን ጠቀለልኩት፣ ዘይት ቀባሁት፣ ሲሉ በላዩ ተንሸራቶ ገባ፣ ፌስታሉን ሳብኩት። ለግራው ጎንም እንዲሁ፤ አንዱ አርጅቶ ሌላው አዲስ አይሆንም።

ልጁ ሁለተኛውን ገልብጦት ነበር። የከንፈሩ ክፍት ጎን ወደ ግፊቱ፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ማየት አለበት። ዘይቱ ሲገፋው ከንፈሩ ይከፈትና ዘንጉን ያቅፋል። ተገልብጦ ከገባ ዘይቱ ከንፈሩን ከፍቶ ይሄዳል። አየሁትና መለስነው። እሱ ስለ ቢላው ላይናገር፣ እኔም ስለ መገልበጡ ላልናገር ተስማማን።

የቱቦዎቹን ጫፎች ስናስር ቴፍሎን አልተጠቀምንም። የቧንቧ ሠራተኛ ይወደዋል፤ እዚህ ግን ቁራጩ ተበጥሶ ከዘይቱ ጋር ይሄድና ፖምፗ ውስጥ ቫልቭ ላይ ይቀመጣል። ፈሳሹን የክር ማሸጊያ ቀባን።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

አየር ማስወጣት። ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ትዕግሥትም ይፈልጋል።

የመሪው ፖምፕ አናት ላይ ያለውን ክዳን አውጥቼ በምትኩ ከዘይቱ ጋር የመጣችውን ቱቦ አሰርኩ። የዘይቱን ጠርሙስ ገልብጬ ቱቦው ላይ ሰቀልኩት፣ አየር እንዲስብ ቂጡን በመርፌ በሳሁት። ኋላ፣ የሲሊንደሩ ሁለት ጫፍ ላይ አየር ማውጫ ቡሎኖች አሉ። እያንዳንዷ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተን ጫፉን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከተትነው።

መሪውን ወደ ቀኝ ጥግ አደረስኩት። ልጁ የቀኟን ቡሎን ከፈተ፣ ሲሊንደሩ እንዳይሄድ በሁለት እጁ ጠፍንጎ ያዘው። እኔ ወደ ግራ አዞርኩ። ሃይላንዱ ውስጥ መጀመሪያ ጥቁር ዘይት ወረደ፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ቀጥሎ እየተትረፈረፈ ድው ድው የሚል አየር። ድምፁ የቡና መፍላት ይመስላል። እያዞርኩ ሳለሁ አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ አንድ ወጥ ክር ሲሆን «ዝጋ!» አልኩት። የግራውን ደግሞ በተቃራኒው።

አራት ዙር ሄድን። አበቃ ልንል ስንል ዞር ብዬ ጠርሙሱን አየሁት። ባዶ። እኔ ኋላ ኋላውን እያየሁ ፊት ላይ ፖምፗ አየር ስትጠጣ ኖራለች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ሁለተኛውን ሊትር ሰቀልን፣ አሁን ልጁ አንድ ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ ነው።

በድምሩ አንድ ሊትር ተኩል ያህል አለፈ። ጥቁሩን በጀሪካን አስቀምጫለሁ። ይህ ውኃ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል።

ጥቅምት 21

ጠዋት ቆጠርኩ፦ አምስት ተኩል። አምስት አይደለም። ግማሽ ዙር የት ሄደች?

ቱቦዎቹን ከፊት እስከ ኋላ በእጄ ተከተልኳቸው። መቀመጫው ሥር አንዱ ቱቦ ባትሪው ላይ ተንጠላጥሎ እንደ ግመል ሻኛ ከፍ ይልና ይወርዳል። አየር ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል። ቀስ ብዬ ሳዞር ዘይቱ ከሥሩ ያልፋል፣ አየሩ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ቱቦውን አውርጄ በጠፍር አሰርኩት፣ አየር ማስወጣቱን ደገምን፣ አሁን በፍጥነት እያዞርኩ። አንድ ትልቅ አረፋ ጉልቅ ብሎ ወጣ። አንድ ብቻ።

አምስት ዙር።

ክዳኑን መለስኩ፤ ቀዳዳ ያላትን፣ የምትተነፍሰዋን። ዘይቱን እስከ አፉ አልሞላሁትም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታው ያብጣል፣ ቦታ ካላገኘ ዳሽቦርዱ ላይ ይፈሳል።

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ሙሉ ባዶዋን ነዳኋት። መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ቀስ ብዬ፣ መቅዘፊያ ይዤ። ጥግ ለጥግ፣ ወደፊትም ወደኋላም። ከዚያ መሐል ወጣሁ። መሐሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ መሪ የሚሞከርበት የመጨረሻ ቦታ ነው እንጂ የመጀመሪያ አይደለም። ፍጥነት ጨመርኩ፣ እስጢፋኖስ ያለበትን ልሳነ ምድር ተከትዬ ታጠፍኩ። ድሮ ደሴት ነበር ይባላል። እጄ ገና ሳይጨርስ ሸጋ ዞረች። መሪውን ለቀቅኩት፣ ባለበት ቆየ።

ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይከብዳል። ያ ዘይቱ በብርድ ስለሚወፍር ነው፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይለቃል። ሶፍቶቹ ነጭ ናቸው። ለጋሼም ስድስት ቆሮሶ ልኬአለሁ።

ዘንጉን አሁን ከየጉዞው በኋላ በንጹሕ ውኃ አጥቤ በጨርቅ አደርቀዋለሁ። ጠብታው ሳይደርቅ ከተጠረገ ነጩ አይጋገርም። ልጁ ቢላውን ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥቶ ወጥ ቤት መልሶታል።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች። ሁለት ቤተሰብ፣ አምስት ሕፃናት። ሁለት ሰዓት ያህል ዞርን፣ መሪው ሸጋ ነው። አውርጃቸው ስመለስ ከመሪው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ቀይ ነገር ፈሶ አየሁ። ጉልበቴ ከዳኝ። የመሪው ሲል! ገና ያልነካሁት ሲል! ተንበርክኬ በጣቴ ነካሁት። አያንሸራትትም። ሁለቱ ጣቶቼ ተጣበቁ። አሸተትኩት።

ቪምቶ ነው።